የመስጠት ግስ ከነቅጥያዎቹ

ማክሰኞ፣ ጥር 14፤ ከሰዓት

አራቱም ተማሪዎቼ መጥተዋል። ሦስቱ ነርሶችና የላቦራቶሪው ሰውዬ። ጠመኔ አለቀ፤ በከሰል ጻፍኩ። ነገ ግድግዳ አቆሸሸች ይባላል። ይባል።

ባለፈው ሳምንት የሩሲያኛውን «ፒሳት» ጨርሰናል። መጻፍ። ጫፍ የለውም፣ ሲጽፍ መዋል ነው። ከፊቱ «ና» ስትቀጥይበት «ናፒሳት» ይሆናል፤ ተጽፎ አለቀ። «ፔሬ» ብትቀጥይ እንደገና መጻፍ። «ፖድ» ብትይ ከሥር መፈረም። ቁራጯ ሁለት ሥራ አላት፤ ድርጊቱን ትቋጨዋለች፣ ወዴት እንደሄደም ትነግርሻለች።

የዛሬው «ዳት» ነው። መስጠት። ደብተሬ፣ ነግሬሽ ከሆነ ታገሺኝ፤ ሩሲያ ልማር ሄጄ፣ ቮሮኔዥ ከተማ የመጀመሪያውን ብርድ ያሳለፍኩት ከዚህች አጭር ግስ ጋር ስታገል ነው። ይቺ ያለ ምንም ቅጥያ የተቋጨች ናት። ሩሲያኖች አንዴ ከሰጡ ሰጡ። የፊት ቅጥያው የሚነግርሽ እንዴት እንደተሰጠ ብቻ ነው። «ኦትዳት»፣ አሳልፎ መስጠት። «ፔሬዳት»፣ ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል። «ራዝዳት»፣ ለብዙ ሰው ማደል። «ፕሮዳት»፣ መሸጥ። «ፕሬዳት»፣ መክዳት። የባምባሲዋ ሲስተር ጫልቱ፣ መሸጥና መክዳት ይህን ያህል ጎረቤታሞች ናቸው እንዴ ብላ ሳቀች። ናቸው አልኳት።

ሩሲያኛ የሚማሩት ለቅንጦት አይደለም። ዶ/ር ታማራ፣ ከድሮው መንግሥት የቀረችልን ሩሲያዊት ሐኪም፣ አማርኛዋ «ደህና ነሽ» እና «ግፊ» ነው። የባህል ቢሮው ኃላፊዬ ግን ይኼ አይገባውም። ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። ቋንቋው ከደርግ ጋር ሞቷል፣ ጉሙዝ ሆነሽ የራስሽን ባህል ብታስተምሪ ይሻላል አለ። ከሞተ እኔ አልቃሽ አይደለሁም፣ አስተማሪ ነኝ አልኩት። ደስ አላለውም።

ሥራም ሰጠኝ። ክልሉ አዲስ ነው፣ ሰሌዳው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፤ የካቲት ላይ የባህል ጉባኤ ይደረጋል። ስለ ጉሙዝ የልውውጥ ጋብቻ ጽፌ ማንበብ አለብኝ። ጥሩ ጥሩውን፣ አለኝ።

በእኛ ዘንድ ወንድ ሲያገባ እህቱን ለሚስቱ ወንድም ይሰጣል። ሴት በሴት። አንደኛዋ ሳትሄድ ከቀረች ወይም ቤቷን ጥላ ከወጣች፣ ሌላዋም ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች። ባሏን ብትወድም። ይህን ኃላፊዬ ያውቃል። የማያውቀው፣ ወንድሜ በየነ አምና ትርንጎን ሲያገባ በእኔ ስም ቃል መግባቱን ነው። ለትርንጎ ወንድም፣ ለታደሰ ልሰጥ። እኔን ማን ጠይቆኝ! እስከ ዛሬ አልሄድኩም። አልሄድምም።

ዓርብ፣ ጥር 17

ከቢሮ ስገባ የግቢው በር ላይ የወረዳ መኪና ቆሟል። አከራዬ ሐጃ አስያ እጇን እያወናጨፈች ወጣች። «አንተ ዘነቡ! ወንድምህ መጣች! ሚስቱም መጣ፣ ሆድ ትልቅ፣ ወላሂ!» ሐጃ የበርታ ሰው ናት፤ በአማርኛዋ እኔ ዘላለም ወንድ ነኝ። ለምጄዋለሁ። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ደስ ይለኛል።

በየነ የቡለን ወረዳ ሾፌር ነው። ቡለንና አሶሳ አንድ ክልል ናቸው ይሉናል። መንገዱ ግን በአዲስ አበባ ዞሮ ነው፤ ዓባይን ለመሻገር አገር መዞር። ትርንጎ ያን ሁሉ መንገድ ከኋላ ከጆንያዎቹ ጋር መጥታለች። እግሯ አብጧል። ሰላም ስትለኝ ዓይኔን አላየችም።

በየነ ነገሩን የጀመረው የግቢውን ማንጎ ዛፍ እያየ ነው። የትርንጎ ቤተሰቦች ዓመት ታገሱ። አሁን መታገስ በቃን፣ ወይ ዘነቡ ትምጣ ወይ ልጃችንን እንወስዳለን ብለዋል። ሳይወስዷት ለሐኪም ነው ብሎ ይዟት ወጣ። አሁን እኔ ታደሰን እሺ ካልኩ ሁሉ ሰላም ይሆናል። ለአንድ ዓመት ብቻ እንኳ። ደግሞ የተማርሽ ነሽ፣ ውኃ ቅጂ የሚልሽ የለም አለ። ሐጃ ምን ተፈጠረ ብላ እስክትወጣ ሳቅኩ።

እምቢ አልኩት። ሦስት ዓይነት አድርጎ ጠየቀኝ፣ ሦስቱንም እምቢ።

ከዚያ ጃኬቱን አጥፎ ከትርንጎ ወገብ ሥር ሲያደርግላት አየሁ። ሳትጠይቀው። ይወዳታል። በጣም ያናደደኝ ይኼ ነው። ባይወዳት ኖሮ እምቢታዬ ቀላል ይሆን ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 20

ጽሑፉን አስረከብኩ። ጥሩውን ጻፍኩ፤ ሁለት ቤት እንዴት እንደሚተሳሰር፣ ባል ሚስቱን ሊመታ ሲል የራሱ እህት እዚያ ማዶ እንዳለች አስቦ እጁን እንዴት እንደሚሰበስብ። ውሸት አይደለም። ከዚያ አንዷ ስትመለስ ሌላዋም ከነፍቅሯ እንደምትመለስ ጻፍኩ። እሱም ውሸት አይደለም።

ኃላፊዬ ሁለተኛውን ሰርዢ አለኝ። አልሰርዝም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። እስከ ትናንት ይንቁን ነበር ዘነቡ፣ ስማችንን እንኳ አጣመው ነበር የሚጠሩት፤ ገና ቀና ባልን ማግስት በራሳችን ሴት ልጅ አፍ ልንዋረድ ነው ወይ? ይኼ አመመኝ። እውነቱን ነው። እሱም የእኔው ወገን ነው፤ ያንን ስድብ አብረን ነው የሰማነው።

ግን ቀና ማለት ማለት የሚያመኝን አለመናገር ከሆነ አጎንብሼ ልኑር? አልሰርዝም አልኩ። የመማሪያ ክፍሉን ቁልፍ አምጪ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። ሲወድቅ የነበረው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ጥሩ ድምፅ ነው።

ከሰዓት ተማሪዎቼን ወደ ሐጃ ግቢ ወሰድኳቸው። የላቦራቶሪው ሰውዬ ክፍሉን የተነጠቅንበትን ምክንያት ሲሰማ፣ እናንተማ ሴት ትለዋወጣላችሁ አሉ፣ ብሎ ፈገግ አለ። የእሱ ታላቅ እህት ስትዳር ማን ጠየቃት አልኩት። አባታችን ጨረሱት አለ። እንግዲያው ዝም ብለህ ግስህን አርባ አልኩት። እኔ የራሴን ሰው ልናገር፤ ሌላ ሰው እንዲስቅበት አልፈቅድም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

በየነ ወደ ቡለን ተመልሷል፤ ሽማግሌዎችን ለጉባኤው የሚያመጣው እሱ ነው። ትርንጎ እኔ ጋ ቀረች። ያለኝ አንድ አልጋ ነው፣ እኛ ሦስት ነን። ሦስተኛው ይራገጣል።

ትምህርት በማንጎው ሥር፣ ጥሬ ማንጎ ራሳችን ላይ እየወደቀ። ሰሌዳዬ የአሮጌ በር ሳንቃ ነው። ሐጃ ለተማሪዎቹ ውኃ ታመላልሳለች፤ የሩሲያኛው ድምፅ የአክታ ይመስላል ብላኛለች።

ዛሬ የኋላ ቅጥያ። «ኑ» የምትባለዋን ግሱ ውስጥ ስትሰኪያት ድርጊቱ አንዴ ብቻ ይሆናል። «ክሪቻት» ሲጮህ መዋል ነው። «ክሪክኑት» አንዴ ጮሆ ዝም። መግፋትም፣ መዝለልም፣ እጅ ማወዛወዝም እንዲሁ፤ አንዴና አበቃ። «ቫ» ደግሞ ሌላ ጠባይ አላት። የተቋጨውን መልሳ ትፈታዋለች። «ኦትዳት»፣ አሳልፎ ሰጠ፣ አለቀ። «ኦትዳቫት»፣ ይሰጣል፣ ሲሰጥ ኖሯል፣ ገና ይሰጣል። ሲስተር ጫልቱ ተቋጭቶ ያለቀን ነገር ማን ፍቺ አላት አለች። ሩሲያኖችን ጠይቂ አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔም አምስት ዓመት ሙሉ ያስገረመኝ ይኼው ነው።

ትርንጎ ከኋላ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ነበር። ሰዉ ሲሄድ፣ ስትጮሂ የዋልሽው ምንድን ነው አለችኝ። በእኛ ቋንቋ አስረዳኋት። ከዚያ አያቷ በማን ምትክ እንደመጣች ነገረችኝ፤ እናቷ በማን፤ አክስቷ በማን። እሷ በእኔ። ሁሉንም በስም ታውቃቸዋለች። አንዷ እንኳ ስለ መሄዷ ተጠይቃ አታውቅም። እኔ ላይ ተቆጥታ እንደሆነ ጠየቅኳት። አንቺ ላይ ተቆጥቼ ነበር፣ አንቺ መጥተሽ ቢሆን እኔ ተረጋግቼ እቀመጥ ነበር አለች። አሁንስ? ኦቾሎኒዋን ወደ መፈልፈሉ ተመለሰች።

እንዲህ ሳይቋጭ የሚኖር ነገር ያንገበግበኛል።

እኛ ዘንድ ሴት ቤት ውስጥ አትወልድም፤ ወጣ ብላ፣ ወንዝ ዳር ነው። እናቴ በየነን እንዲህ ነው የወለደችው። ትርንጎ በዚህ ምክንያት ሆስፒታሉን የምትፈራ መስሎኝ ነበር። ኋላ ራሷ ለሐጃ በአማርኛ ስታስረዳ ሰማኋት። «ሆስፒታልም ከቤት ውጪ ነው። ደንቡ አልፈረሰም።» ሐጃም፣ «ዘይን፣ ጥሩ! ወንዝ ደግሞ አለው፣ ቧንቧ» አለቻት። ሁለቱ በዚህ አማርኛቸው እኔ የማልገባበት ወዳጅነት ጀምረዋል።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

መጡ። የበየነ መኪና አቧራ ለብሶ ደረሰ፤ አያ ቢተው፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች፣ እና ታደሰ። አያ ቢተው በመንደራችን ነገር ሲበላሽ የሚጠሩት ትልቅ ሰው ናቸው። ታደሰ ከባህል ቡድኑ ጋር ሊጨፍር ነው የመጣው።

ታደሰን ጠላት አድርጌ ነበር የጠበቅኩት። ቀጭን፣ ዓይናፋር፣ ቡድኑ የሰጠው ጫማ ከእግሩ የሚሰፋ። መሬት መሬት እያየ ሰላም አለኝ። ጊዜ አላጠፋሁም። እኔ የአንተ ሚስት አልሆንም፣ ይህን ከእኔው አፍ ስማ አልኩት።

እፎይ አለ።

ደብተሬ፣ እፎይ አለ! ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። የሚፈልጋት ፋንታዬ የምትባል የማዶ ልጅ ናት። አባቷ ሴት አምጣ፣ ለወንድሟ የምትሆን ብሎታል። ታደሰ ያለችው እህት ትርንጎ ብቻ ናት። እኔ እምቢ ካልኩ ትርንጎ ትመለስለታለች፤ ለፋንታዬ ወንድም ይሰጣታል፤ ፋንታዬን ያገኛል። ዓመት ሙሉ እንዳልመጣ ሲጸልይ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገርሽ፤ ክብሬ ተነካ። አስጠላለሁ እንዴ? መስታወት አየሁ። ከዚያ ነው የደነገጥኩት። እኔ አልሄድም ባልኩ ቁጥር ራሴን ነጻ ያወጣሁ መስሎኝ ነበር። ትርንጎን ከባሏ እየነጠልኩ ለማታውቀው ሰው እያቀበልኩ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ።

አልሄድም። ግን እምቢታዬ ይህን ብቻ ከሆነ ግማሽ ነው። እሷም አትሄድም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ጉባኤ። ጽሑፌን ኃላፊዬ ራሱ አነበበው፤ ጥሩ ጥሩውን። ተጨበጨበ። ታደሰ ጨፈረ፤ ሲጨፍር ያ ዓይን አፋርነቱ የለም፣ ያምርበታል።

አስተያየት ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። የተሰረዘውን አንቀጽ በቃሌ አልኩት። ወደ በርታ ቋንቋ የሚተረጉመው ሰው ኃላፊዬን አየና ዝም አለ። ከኋላ ወንበር የሐጃ አስያ ድምፅ መጣ። «እሱ ምን አለች? ለምን አትተረጉምም? እኛ ደግሞ ጆሮ አለ!» ተሳቀ። ተረጎመ። አንዳንድ ሴቶች ማንም ሳይላቸው አጨበጨቡ። ኃላፊዬ ብዕሩን ከደነ።

ቆሜ ጨረስኩት።

እሑድ፣ የካቲት 24

ሽማግሌዎቹ በሐጃ ማንጎ ሥር ተቀመጡ። በእኛ ቋንቋ፣ ቀስ ተብሎ፣ በጨዋ ደንብ። አያ ቢተው ክፉ ሰው አይደሉም። ሁሉንም አዳመጡ፤ እኔን እንኳ ሳያቋርጡ። ከዚያ የሁሉንም ፊት ያበራ መፍትሔ አመጡ።

ዘነቡ አትገደድ። ትርንጎም ከባሏ አትለይ። ታደሰም ሳያገባ አይቅር። በሆድ ያለችው ሴት ከሆነች ለታደሰ ወገን ትቆጠራለች፤ በፋንታዬ ምትክ ለታናሽ ወንድሟ ትሰጣለች፤ እሱም ገና ሕፃን ነው፣ እስኪያድጉ ይጠብቃል። ወንድ ከሆነ እግዜር ፈረደ እንላለን፣ ታደሰ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ማንም አልተጎዳም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ታደሰ ሊያለቅስ ደረሰ። በየነ እሺ አለ። ወንድሜ፣ ጃኬቱን የሚያጥፈው፣ እሺ አለ!

እኔ ተነሳሁ። ገና ዓይኗን ያልገለጠችን ልጅ ተቃቅፋችሁ ሰጣችኋት አልኩ። ሴቶቹ ሲጠየቁ እምቢ አሉ፤ ስለዚህ ልትጠየቅ የማትችለዋን ፈልጋችሁ አገኛችሁ። አያ ቢተው ልጄ ሆይ ተቀመጪ አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

ከዚያ ትርንጎ ተነሳች። የማንጎውን ግንድ ይዛ። እስከ ዛሬ በሰው ፊት ድምፅ ስታወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ከወለድኩ በኋላ ብትጠይቁኝ አስብበት ነበር። ሳልወልድ ስለተካፈላችሁት አልሰጥም» አለች። ወንድሟን በስሙ ጠርታ፣ ፋንታዬን ውደዳት፣ በእኔ ልጅ ግን አይደለም አለችው። አያ ቢተው ፈገግ አሉ። ያረገዘች ሴት ትቆጣለች፣ ያልፋል። ቃሉን አባትየው ሰጥቷል፣ ተጨርሷል አሉ።

በየነ ጫማውን ሲያይ ቀረ።

ረቡዕ፣ የካቲት 27

ናፍጣ የለም። ሽማግሌዎቹም ታደሰም መኪናውን እየጠበቁ አሶሳ ተቀምጠዋል። ትርንጎ ወሯ ገብቷል።

ኃላፊዬ ጠርቶኝ ወደ ጉባ ወረዳ ልትዛወሪ ነው አለኝ። እዚያም ዛፍ አለ፣ ሥሩ አስተምራለሁ አልኩት። ሳይወድ ሳቀ። ሲስተር ጫልቱ ከሄድሽ እኛስ አለች። መጽሐፌን ጨርሼ ትቼላችሁ እሄዳለሁ አልኳት። የፊት ቅጥያዎቹ ምዕራፍ አልቋል። የኋላዎቹ ይቀራሉ። ማንም አያትመውም፤ በእጄ እገለብጠዋለሁ።

ከበየነ ጋር ተጣላን። ሌላ ምን ላድርግ አለኝ፤ ሚስቴን ሊወስዱብኝ ነው፣ አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ እምቢ ማለት ታውቂያለሽ፣ እኔ እዚያ መንደር ነው የምኖረው። እውነት አለው። ቢሆንም ፈሪ ነህ አልኩት። እውነት አለኝ። ሁለታችንም እውነት ይዘን ሳንበላ ዋልን።

ግቢው ሁሉ ወንድ እንዲሆን እየለመነ ነው። ሐጃ ለአላህ፣ በየነ በልቡ፣ አያ ቢተው እንኳ የሚለምኑ ይመስለኛል፤ ነገሩ ያለ ጠብ ያልቅላቸዋል። ዛሬ ልብስ ሳጥብ እኔም ወንድ አድርገው ስል ራሴን ያዝኩት። እጄ ሳሙናው ላይ ቆመ። ወንድ ይሁን ማለት፣ ሴት ብትሆን ትሰጥ ብሎ መፈረም እኮ ነው። ጸሎቴን መለስኩት። የፈለገችውን ትሁን።

ነገ ስለማስተምረው ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። ሩሲያኖች እምቢ ሲሉ «ኔ» የምትባል ቃል ከግሱ ፊት ያቆማሉ፣ ግሱን አይነኩትም። አማርኛ ግን «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ አድርጎ ግሱን መሐል አስገብቶ ይጨብጠዋል። ያደግኩበት ቋንቋ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው የለመድኩት። ይቺን ግን ወደድኩለት።

ዓርብ፣ የካቲት 29፤ ጠዋት 2 ሰዓት

ምጥ ያዛት። በየነ ሊሄድ ናፍጣ ሞልቶ ነበር፤ በዚያው መኪና ሆስፒታል አመጣን። ሽማግሌዎቹና ታደሰ ሻንጣቸውን ይዘው ከኋላ ተጫኑ፤ ከዚህ ቀጥታ መንገድ ሊገቡ ነው። ከእኛ ጋር ምጥ ላይ ያለች ሴት፣ ከኋላ ውጤት ጠባቂዎች።

4 ሰዓት

በሩ ላይ ነኝ፤ ዶ/ር ታማራ ጓንት እስክትቀይር። «ቱዥሲያ!» ትላለች፤ እኔ በእኛ ቋንቋ ግፊ እላለሁ። ትርንጎ እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ነው። በሩሲያኛ ተሳድቤ ታማራ ሳቀች። እነሆ የሞተው ቋንቋ! ኃላፊዬ መጥቶ ይየው።

5 ሰዓት ተኩል

ሴት ናት።

መጻፍ ይሻለኛል፣ አለዚያ አለቅሳለሁ። አንዴ ጮኸች። ተማሪዎቼን ያስተማርኳቸው «ኑ» ነው አልኩ በሆዴ፤ አንዴ ጮሆ ዝም። የት ዝም ልትል! እስካሁን እየጮኸች ነው። ሰዋስውም የሩሲያም ጉዳይዋ አይደለም። ትርንጎ ደህና ናት፤ ደከማት፣ ግን ደህና ናት። ሕፃኗን እያጠቧት ነው።

ውጪ የመኪናው ሞተር ይሰማል። አያ ቢተው በመስኮቱ በኩል፣ ምንድን ነው፣ ምንድን ነው ይላሉ።

ሲስተር ጫልቱ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ወንድ ነው በያቸው፤ ሞተሩ ተነሥቷል፣ ይሄዳሉ፣ ከቡለን እዚህ ድረስ ተመልሶ ማን ያጣራል አለች። ደብተሬ፣ አልዋሽሽም፤ እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እንዴት ቀላል ነው! አንድ ቃል፣ እና ሁላችንም እናርፋለን። በሹክሹክታ ስለተነጋገርን ትርንጎ የማትሰማ መስሎኝ ነበር።

ሰምታለች። ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች። «ወንድ ነው ብለሽ ከደበቅሻት፣ ሴት ሆና ስትገኝ ይወስዷታል። ይዘሻት ውጪ» አለች። በእኛ ቋንቋ ነበር፤ ከዚያ ሲስተርም እንድትሰማት በአማርኛ ደገመችው። «ሴት ነው። አልሰጥም።»

ሞተሩ ጠፋ።

በየነ ነው ያጠፋው። ወርዶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ማዶ ናቸው፣ ታደሰ ከጀርባቸው። በየነ በማን በኩል እንደቆመ ከዚህ በደንብ አይታየኝም። ጃኬቱን ግን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

ሕፃኗን ጠቅልለው ሰጡኝ። ከባድ ናት። በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

እንደገና እየጠየቁ ነው። እየወጣሁ ነው። ሴት ናት እላለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ ከዚያ እናቷ ያለችውን እላለሁ። ቀሪውን ስመለስ እጽፋለሁ።